ጭቃው የቆጠረው አንድ ዱካ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ልነግራችሁ ነው። «እሺ፣ እንሰማለን» በሉኝ እንጂ! ወይስ አፋችሁንም ሌላ ሰው ይክፈትላችሁ? እንዲያ ነው። ለመሳቅ የመጣ ካለ ከአሁኑ ይነሳ። ይህ ተረት የሚያስቅ አይደለም። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም የምነግራችሁ፤ ስለምሳሳላችሁ ነው።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ጭቃ ቁጥር ያውቅ፣ ድንጋይም ይናገር በነበረበት ዘመን፣ አንድ ሸለቆ ነበር። በሸለቆው ውስጥ አንድ ምንጭ ነበር። ከዚያ ምንጭ በቀር የሦስት ቀን መንገድ ቢኬድ ጠብ የሚል ውሃ አይገኝም። የምንጩ አፍ በትልቅ ድንጋይ ተከድኗል። ድንጋዩን ገፍቶ የሚከፍት፣ ማን መቼ እንደሚጠጣ የሚወስን አንድ ሹም አለ፤ እሱን «የውሃ አባት» ይሉታል።

የውሃ አባቱ አያ ከርከሮ ነበር። አንገቱ ወፍራም፣ ክራንቻው ረጅም፣ ድምፁ ጎርናና ነው። ከተሾመ ስንት ክረምት እንዳለፈ ራሱም ረስቶታል።

አያ ከርከሮ የውሃ ተራ አውጥቷል። ጠዋት ትልልቆቹ ይጠጣሉ። ቀትር ላይ ትልልቆቹ ይደግማሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጆቹ ይጠጣሉ። አያ ጅቦ ደግሞ ጠዋት ከዋሻው አይወጣም። ቀትር ላይም አይወጣም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይወጣል። ወደ ምንጩ ወርዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይጋደማል። በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ ከልጆቹ አንዱን አንጠልጥሎ ይሄዳል።

የሸለቆው ትልልቆች ይህን አያውቁም ነበር እንዳትሉኝ። አሳምረው ያውቃሉ። ጅቦ ልጅ በልቶ ከጠገበ ወደ ትልልቆቹ አይመጣም፤ ይህንንም ያውቃሉ። «ተመስገን፣ ሸለቆው ሰላም ነው» እየተባባሉ ጥላ ሥር ተኝተው ያመሰኳሉ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የገዛ ልጅህን ለጅብ አስረክበህ እንዴት ማመስኳት ይሆንልሃል?

በዚያ ሸለቆ ፍንጭት የምትባል አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ገና ልጅ ናት። ገብስማ የሚባል መንታ ወንድም ነበራት። አንድ ምሽት ሁለቱ ሊጠጡ ወረዱ። አንገታቸውን ደፍተው ገና አንድ ጉንጭ ሳይጠጡ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ሮጡ። ፍንጭት ስትሮጥ የወንድሟን ትንፋሽ ከኋላዋ ትሰማው ነበር፤ ዳገቱን ስትጨርስ ግን ትንፋሹ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ዐይኗ እንዳበጠ አያ ከርከሮ ዘንድ ሄደች።

«አያ ከርከሮ፣ ወንድሜን ጅብ በላብኝ» አለች።

«ያጽናሽ» አለ ከርከሮ፣ በክራንቻው ሥር እየቆፈረ።

«የልጆች ተራ ወደ ጠዋት ይዙርልን።»

«ተራ የሚያወጣው የውሃ አባት ነው።»

«የውሃ አባትንስ ማን ያወጣዋል?»

«ጭቃ ላይ የተራመደ ያወጣዋል።»

«እንግዲያው እኔም ልራመድ።»

ከርከሮ መቆፈሩን ተወና ሳቀ። «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አላት። ከፈተች። «ይሄ የወተት ጥርስ ነው። ጥርስ ያልነቀለ ጭቃ አይረግጥም። ሂጂ፣ እደጊና ነይ።»

እደጊና ነይ! ምሽት ምሽት ጅብ ፊት ለሚቆም ልጅ ማደግ እንዲህ ቀላል ነው ወይ? እስቲ እናንተ ፍረዱ።

አሁን የጭቃውን ነገር ልንገራችሁ። በሸለቆው ሕግ የውሃ አባት የሚመረጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ክረምት ሲወጣ ከምንጩ በታች ያለው ጭቃ በውሃ ይለሰልስና አዲስ እንደ ተመረገ ግድግዳ ልሙጥ ይሆናል። የውሃ አባት መሆን የሚፈልጉት ከጭቃው ማዶ ይቆማሉ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። መራጮቹ ከወዲህ ዳር ተነስተው ጭቃውን እየረገጡ ወደ ወደዱት ይሻገራሉ። ጭቃው ዐይን የለውም። የሚያውቀው የረገጠውን እግር ብቻ ነው። ሁሉም ተሻግረው ሲያበቁ በላዩ ላይ የቀሩትን ዱካዎች ይቆጥራል፤ ለእያንዳንዱ ዱካ አንድ ድምፅ ይይዛል። አባ ጭቃ ከተናገረ በኋላ ይግባኝ የለም። እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ የተባለው የተባለ ነው።

ያን ዓመት ልጆቹ ዳር ቆመው ሲመለከቱ ትልልቆቹ ተራመዱ፤ ከርከሮም የውሃ አባት ሆኖ ቀጠለ።

ዓመቱ ዞረ። ፍንጭት የወተት ጥርሷን ነቀለች። እኩዮቿም ነቀሉ። ምርጫው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው የከርከሮ አማካሪ እመት ጦጢት ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች መጣች። ከኋላዋ ጨው ያለው አፈር የተሸከሙ ሁለት ዝንጀሮዎች ነበሩ። ቦለ ነው፤ ከብትም አውሬም እሱን ለመላስ ነፍሱን የሚሰጥለት።

«ልጆቼ!» አለች ጦጢት። «እናንተ የሸለቆው አበባ ናችሁ። እናንተ የነገ ተስፋ ናችሁ። አያ ከርከሮ እናንተን ሳያስብ እንቅልፍ አይወስደውም። ይኸው፣ ቦለ ላሱ ብሎ ልኮላችኋል።»

«እኛ ቦለ አልጠየቅንም፤ ጥርስ ነቅለናልና ልንራመድ ነው» አለች ፍንጭት።

«ትራመዳላችሁ እንጂ! ማን ከለከላችሁ? ግን ምርጫ ያለ ዘፈን አይደምቅም። በመጀመሪያ ኮረብታው ላይ ሆናችሁ ዝፈኑልን። ከዚያ ትወርዱና ትራመዳላችሁ። ጭቃው የት ይሄዳል?»

ቦለው ጣፋጭ ነበር። ልጅ ደግሞ ዘፈን ይወዳል። በነጋታው ኮረብታው ላይ ወጥተው ዘፈኑ።

«ከርከሮ አባታችን፣ የምንጩ ጌታ፣
አንተ እያለህልን፣ የለብን ሁካታ።»

አንዱን ዘፈን ሲጨርሱ ጦጢት ከታች ሆና «ይደገም!» ትላለች። ሲደግሙት «ይሰለስ!» ትላለች። ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ስትደርስ ላባቸው እየተንጠባጠበ ወደ ጭቃው ወረዱ። ጭቃው ደርቋል። ቆጠራውም አልቋል። ፍንጭት በኮቴዋ መታ መታ ብታደርገው እንደ ሸክላ ጠነከረባት።

ያን ምሽት ጅቦ ከልጆቹ መካከል ድምፁ የሚያምረውን ወሰደው። ቀኑን ሙሉ ሲያቀነቅን ጉሮሮው ደርቆ ስለነበር ከሁሉም ቀድሞ ወደ ውሃው የሮጠው እሱ ነበር።

ፍንጭት ከዚያ በኋላ ቦለ አልላሰችም። አልዘፈነችምም። ዓመቱን ሙሉ ከሸንተረር ሸንተረር እየዞረች የድኩላውን ልጅ፣ የሰሱን ልጅ፣ የሚዳቋውን ልጅ ታነጋግር ጀመር።

የድኩላው ልጅ «ተራመድንም ቀረንም ምን ይለወጣል? ሁሉም ያው ናቸው» አላት።

«ያው ከሆኑ ለምን በቦለ ይለምኑናል?» አለችው። ይህን አስቦ አያውቅም ነበር፤ አሰበና ተከተላት።

የሰሱ ልጅ «እናቴ ትቆጣኛለች» አላት።

«እናትህ ስትቆጣህ ታለቅሳለህ። ጅብ ሲይዝህ ግን ለማልቀስም ጊዜ የለህም» አለችው። እሱም ተከተላት።

የሌላዋ ሚዳቋ ልጅ «እኔ ፈጣን ነኝ፤ እኔን አይደርስብኝም» አለቻት።

ፍንጭት «ገብስማም ከእኔ ይፈጥን ነበር» አለቻት። እሷም ተከተለቻት።

እንዲህ እንዲህ እያለች ስልሳ ልጆች ሰበሰበች። እሷ ስትጨመር ስልሳ አንድ ሆኑ። ስልሳ አንድ ጥርስ የነቀሉ ልጆች! በዚያ ሸለቆ ይህን ያህል ልጅ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ያን ዓመት ከከርከሮ ጋር ለመወዳደር እመት ቆርኬ ተነሳች። እመት ቆርኬ ሁለት ልጆቿን ምንጩ ዳር የቀበረች እናት ናት። ቀበረች ስላችሁ፣ ጅብ ምን ያስቀራል? የቀረውን ነው የቀበረችው። «እኔ ከተመረጥኩ ልጆች ጠዋት ይጠጣሉ። ምሽት እኛ እንወርዳለን። እኛ ቀንድ አለን፤ ጅቦ ከእኛ ጋር ይተያይ» አለች። ከትልልቆቹ ሠላሳ የሚሆኑት «እውነቷን ነው» አሉ። ሃምሳዎቹ ግን ሰላማቸው ሊደፈርስ ነውና ጆሯቸውን ደፈኑ። ሠላሳ ብቻውን ለሃምሳ አይበቃም። ሠላሳ ላይ ስልሳ አንድ ሲጨመር ግን ዘጠና አንድ ነው። ፍንጭት ይህን መቶ ጊዜ አስልታዋለች፤ ባሰላችው ቁጥር ልቧ ይዘላል።

ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው እመት ጦጢት እንደገና መጣች። ዘንድሮ ቦለ አልያዘችም፤ ብቻዋን ናት። ፊቷንም ኮስተር አድርጋለች።

«ልትራመዱ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለች።

«አዎ። ዘንድሮም አትዘፍኑም ወይ ልትይን ነው?» አለች ፍንጭት።

«ኧረ ምን በወጣኝ! እኔ አሁን ከከርከሮ ጋር አይደለሁም፤ ልጆች አሉኝ። እንደ እናት አንድ ነገር ልምከራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ትልልቆቹ ስለ እናንተ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ?»

«ምን ይላሉ?»

«ልጅ ምን ያውቃል፤ እየተጋፋና እየተተረማመሰ ገብቶ ጭቃውን ሊያቦካብን ነው ይላሉ። ሥርዓት የላቸውም ይላሉ። ሊያባርሯችሁ ሰበብ እየፈለጉ ነው።»

ልጆቹ ተያዩ። «እኛ ሥርዓት የለንም?» አለ የሰሱ ልጅ ተናዶ።

«አሳፍሯቸዋ!» አለች ጦጢት። «እናቶቻችሁ እንዴት እንዳሳደጓችሁ አሳዩአቸው።»

እናቶቻቸው እንዴት እንዳሳደጓቸው ልንገራችሁ። በዚያ ሸለቆ የሚዳቋም ሆነ የድኩላ ልጅ ገና ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የሚማረው አንድ ትምህርት ነው፤ «እኔ የረገጥኩበትን ርገጥ» ይባላል። ነብር ዱካ ያነባል። አምስት ልጆች አምስት ዱካ ከተዉ ነብር አምስት ምሳ አለ ብሎ ይመጣል። አንዱ በአንዱ ዱካ ላይ ከረገጠ ግን አንድ ብቻ ያለፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ልጆቹ ሲሄዱ ሁሌም በሰልፍ ነው፤ የኋለኛው እግሩን ከፊተኛው እግር ጉድጓድ አያወጣም። ሲያድጉና የየራሳቸው ቁጥቋጦ ሲይዙ ነው ለየብቻ መሄድ የሚጀምሩት። ትልልቆቹ ጭቃውን ሲሻገሩ ተበታትነው የሚሻገሩት ለዚህ ነው። ልጆች ግን ጭቃ ረግጠው አያውቁም። ጭቃ ላይ በሰልፍ ቢኬድ ምን እንደሚሆን አይቶ የሚነግራቸው አልነበረም።

ጦጢት ግን ዛፍ ላይ ሆና ሁሉን አይታለች፤ ቁጥርም ታውቃለች።

ፍንጭት ምክሩን ወደደችው።  ብልህ ልጅ ነበረች፤ ቦለውን ንቃለች፣ ዘፈኑን ንቃለች። «ጨዋ ናችሁ» ሲሏት ግን ደስ አላት። ስልሳውን ልጆች ሜዳ ላይ አሰልፋ ሦስት ቀን አለማመደቻቸው። አንዱ እግሩን ከዱካው ፈንጠር ሲያደርግ «ተመለስ! የፊተኛው የረገጠበትን ርገጥ!» ትለዋለች። በሦስተኛው ቀን ስልሳ አንድ ሆነው ሲያልፉ መሬቱ ላይ የሚቀረው የአንድ ሚዳቋ ዱካ ብቻ ሆነ። ያንን አይታ «ግሩም ነው» አለች።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ጠዋት ነው፤ ጭቃው ለስላሳ ነው። ከርከሮ በቀኝ ቆመ፣ ቆርኬ በግራ ቆመች። የከርከሮ ሃምሳዎቹ እየተንጎማለሉ ተሻገሩ። የቆርኬ ሠላሳዎቹ ተሻገሩ። ከዚያ ልጆቹ መጡ።

ፍንጭት ፊት ሆነች። ስልሳው ከኋላዋ ተከተሏት። አንድም አልተገፋፋም፣ አንድም አልተንጫጫም። ኮቴ ኮቴን እየተካ፣ ጸጥ ብለው፣ ወደ ግራ ወደ ቆርኬ ተሻገሩ። ትልልቆቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው!» አሉ። ከርከሮ ራሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አሳለፋቸው። የመጨረሻዋ ትንሽ ድኩላ ስትሻገር ልጆቹ እርስ በርስ ተቃቀፉ። «ከነገ ጀምሮ ጠዋት እንጠጣለን!» አሉ።

አባ ጭቃ መቁጠር ጀመረ። በቀኝ በኩል ቆጠረና «ሃምሳ» አለ። በግራ በኩል ቆጠረና «ሠላሳ» አለ፤ የቀረውን ዳሰሰና «እና አንድ» አለ።

የተቃቀፉት ልጆች ተላቀቁ።

«አባ ጭቃ፣ አንድ ነው ያሉት?» አለች ፍንጭት።

«አንድ ነው ያልኩት።»

«ስልሳ አንድ ነበርን እኮ!»

«እሱ ዱካ ከሁሉም ይጠልቃል ልጄ። ሲያልፍብኝ ዝሆን መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ግን አንድ ነው።»

«እንደገና እንሻገራለን! አሁኑኑ፣ ለየብቻችን!»

«በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ አልረገጥም። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

ፍንጭት ዞር ስትል የምንጩን ክዳን፣ ያንን ትልቁን ድንጋይ አየችው። ሮጣ ሄደች። «አባ ድንጋይ፣ እርስዎ ዐይን አለዎት። ስንሻገር አይተዋል አይደል?»

«አይቻለሁ» አለ ድንጋይ።

«ስንት ነበርን?»

«ስልሳ አንድ።»

«ታዲያ ይናገሩልን!»

ድንጋዩ የከርከሮን ክራንቻ ሰርቆ አየ። በየቀኑ የሚገፋው ያ ክራንቻ ነው። «እኔ ክዳን ነኝ እንጂ ቆጣሪ አይደለሁም» አለ።

ከዛፉ ላይ እመት ጦጢት ሾላ እየላጠች «እኔ ምን አጠፋሁ? ጨዋ ሁኑ አልኳችሁ፣ ጨዋ ሆናችሁ» አለች። ትልልቆቹ ሳቁ። ልጆቹ ግን ወደ ፍንጭት ዞረው አዩዋት። ማንም አልሰደባትም። ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

ትልልቆቹ ሲበታተኑ ፍንጭት በጭቃው ዳር ዳር ብቻዋን ሄደች። በከርከሮ በኩል ያሉትን ዱካዎች ስታይ አንዱ ላይ እግሯ ቀጥ አለ። የቀኝ ኮቴው ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ የሚዳቋ ዱካ ነው። ያን ዱካ ታውቀዋለች፤ ከተወለደች ጀምሮ እየረገጠችበት ያደገችው ነው።

እናቷን ቁጥቋጦ ሥር አገኘቻት።

«እማዬ፣ ያ ያንቺ ነው?»

እናቷ የተሰነጠቀውን ኮቴዋን ወደ ሆዷ ሰበሰበች።

«ገብስማን የወለድሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ገብስማ ሄደ» አለች እናቷ። «አንቺ ቀረሽልኝ። አንቺ ፈጣን ነሽ፤ ጅብ የሚወስደው የሌላዋን ልጅ ነው ብዬ ነው። ልጆች ጠዋት ከጠጡ ጅቦ ወደ ቁጥቋጧችን ይመጣል ብለው አስፈራሩን።»

«የሌላዋ ልጅስ እናት የላትም?»

እናቷ አለቀሰች። ፍንጭት አብራት አላለቀሰችም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም እዚያ ቁጥቋጦ ሥር አላደረችም።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ረጅም ነው፤ ሁሉንም አልነግራችሁም። ምሽት ምሽት ልጆቹ ይወርዳሉ። ጅቦ ይነሳል። ስልሳ አንድ የነበሩት ሃምሳ ሆኑ። ሃምሳዎቹ ሠላሳ ሆኑ። የሰሱ ልጅ ሄደ። ያቺ «እኔ ፈጣን ነኝ» ያለችው ሄደች። ፍንጭት ማታ ማታ የቀሩትን ሰብስባ አንድ ነገር ብቻ ታስተምራቸው ነበር። «ነብር ስትፈሩ እናቶቻችሁ የረገጡበትን ርገጡ። ጭቃው ላይ ስትደርሱ ግን ማንም ያልረገጠበትን ፈልጉ» ትላቸዋለች። ይህን አጥንታቸው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ነገረቻቸው።

ክረምት ወጣ። ጭቃው ለሰለሰ። ከርከሮ በቀኝ ቆመ፣ ቆርኬ በግራ ቆመች። የዘንድሮዎቹ ትልልቆች ያው የአምናዎቹ ነበሩ፤ ከእነሱ አንድም የሞተ አልነበረም። ከልጆቹ ግን የቀሩት አሥራ አንድ ናቸው። በዓመቱ አዲስ ጥርስ የነቀሉ ስድስት ተጨምረው አሥራ ሰባት ሆኑ።

ዘንድሮ በሰልፍ አልመጡም። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ፣ ተበታትነው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ትልልቆቹ «ምነው እነዚህ ልጆች ባለጉ!» አሉ።  ከአዲሶቹ አንዱ፣ ለጋ ድኩላ፣ ለምዶበት ኮቴውን የፍንጭት ዱካ ውስጥ ሊያሳርፍ ሲል በትከሻዋ ገፍታ አስወጣችው። ልጁ ወደቀ፣ ጉልበቱ ጭቃ ሆነ፣ ተነሳና በራሱ መንገድ ሄደ።

አባ ጭቃ ቆጠረ። በግራ በኩል እየዳሰሰ «ሠላሳ» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት» እያለ ሄደ። ልጆቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸው ሲቆጠሩ ሰሙ። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነው። «አርባ ሰባት» ብሎ ቆመ።

ወደ ቀኝ ዞረ። «አርባ ዘጠኝ። ከአምናዎቹ አንዷ ዘንድሮ አልረገጠችኝም» አለ። ያቺ የቀረችዋ የፍንጭት እናት ነበረች። አሞኛል ብላ ቁጥቋጦዋ ውስጥ ተኝታ ዋለች። ከከርከሮ መቅረት ችላለች፤ ወደ ቆርኬ መሻገር ግን ፈራች።

አርባ ሰባት ለአርባ ዘጠኝ። የጎደለው ሁለት ነው። ያን ወር ብቻ ጅቦ አራት ልጆች ወስዶ ነበር። አራቱም ጥርስ የነቀሉ፣ አራቱም ለብቻ መራመድን የተማሩ ነበሩ።

«አባ ጭቃ፣ ዘንድሮ ልክ አልረገጥንም?» አለች ፍንጭት። 

«ልክ ረገጣችሁ» አለ ጭቃ። «አንድ በአንድ ተሰማችሁኝ። ግን አነሳችሁ።»

«አምና ይህን ብናውቅ ኖሮ…»

«አምና ብዙ ነበራችሁ» አለ ጭቃ፣ ከዚያ በኋላ መድረቅ ጀመረ።

ከርከሮ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ትልልቆቹ ተሰልፈው የጠዋቱን ውሃ ጠጡ። ቀትር ላይ ደገሙ። ልጆቹ ኮረብታው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ፀሐይዋ ማዘንበል ስትጀምር የትንሹ ድኩላ ምላስ ደርቆ ከላንቃው ጋር ተጣበቀ። «ፍንጭት፣ ጠማኝ» አላት። «እኔንም ጠምቶኛል» አለችው። ተነሱና ወረዱ፤ ሌላ ውሃ የለም።

ያን ምሽት ማን እንደተመለሰ አልተነገረኝም። ለእኔ የነገሩኝም ተረቱን እዚሁ ላይ ያቆሙታል።

እንግዲህ የሰማችሁትን ያዙልኝ፤ ተረቴ ይኸው ነው። በሌላው ዱካ የሚራመድ ስልሳ ሆኖ ቢመጣ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ይህን በተማረበት ቀን ደግሞ ስልሳ ሆኖ አይገኝም።